ቆርቆሮ አያደርቅም

(በእድራችን የሴቶች ክፍል ስብሰባ ላይ፣ በሰኔ መጨረሻ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ ሲገለበጥ እንዳለ ለመተው ተሞክሯል።)

ጤና ይስጥልኝ እናቶቼ፤ ጤና ይስጥልኝ እህቶቼ። እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ሦስት አባቶችም አያለሁ፤ እናንተስ እንደምን ዋላችሁ? ዳቦ ቆሎ ይቀመሳል ሲባል ሰምታችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። (ሳቅ) ይቀመሳል፤ ግን መጨረሻ ላይ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጣሳ ታያላችሁ። ሁለቱም ውስጥ ያለው ዳቦ ቆሎ የአንድ ቀን ሥራ፣ የአንድ ሊጥ ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ነው የቆላሁት። አንዱን ዛሬ በምነግራችሁ መንገድ አስቀመጥኩት። ሁለተኛውን ግን ሁላችንም እንደለመድነው፣ ቶሎ ቶሎ ብዬ ከተትኩት። የቱ የቱ እንደሆነ አልነግራችሁም። እስክጨርስ ድረስ ማንም እንዳይነካብኝ፤ በተለይ እናንተ ልጆች።

ሰብሳቢያችን «ስለ ሙያሽ አንድ ነገር ንገሪን» ብላ ስትጠራኝ ተጨንቄ ነበር። ዳቦ ቆሎ እንዴት እንደሚሠራ ለዚህ ቤት ይነገራል? እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡት እትዬ እኮ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ይቆላሉ። ስለዚህ ስለ ቅመሙ፣ ስለ በርበሬው መጠን፣ ስኳር ይግባ አይግባ በሚለው ጭቅጭቅ ውስጥ አልገባም። ያ የየቤቱ ጉዳይ ነው። እኔ የምናገረው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ስላለው ነው። እንዴት ነው ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ወር ኩርሽምሽም እንዳለ የሚቆየው?

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬአለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው ዳቦ ቆሎ እያሸግሁ ለሱቅ ማስረከብ የጀመርኩት፤ አሁን ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እና ላፍርና ልንገራችሁ፦ ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርኩትን ነገር ጓዳ ስገባ ረስቼው ነበር። እንዴት እንዳስታወስኩት እነግራችኋለሁ።

በቅድሚያ ግን እጅ አውጡልኝ። ባለፈው ክረምት ሠርታ ያስቀመጠችው ዳቦ ቆሎ የለሰለሰባት ማን ናት? ... አያችሁ! እኔም አወጣሁ። እትዬም አወጡ። (ሳቅ) ታዲያ ሲለሰልስ ምን እንላለን? «ቆርቆሮው አይረባም።» «ክዳኑ ላልቷል።» «ዱቄቱ የዘንድሮ ነው።» ስንቱን እንወቅሳለን? አንዳንዴ እውነት ነው፤ ክዳኑ ላልቶ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ የተበላሸው ቆርቆሮው ገና ሳይከፈት ነው። ይቺን ያዙልኝ፦ ቆርቆሮ አያደርቅም። ቆርቆሮ የሰጣችሁትን ይጠብቃል። ደረቅ ከሰጣችሁት ደረቅ፣ እርጥብ ከሰጣችሁት እርጥብ።

ሦስት ነጥብ ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ለምን ይለሰልሳል? ሁለተኛ፣ ከእሳት እስከ ቆርቆሮ ባለው ጊዜ ውስጥ ምን እናድርግ? ሦስተኛ፣ በምን እና የት እናስቀምጥ? ሁለተኛው ላይ እቆያለሁ፤ ታገሡኝ።

አንደኛው። ዳቦ ሲያድር ይደርቃል፤ ዳቦ ቆሎ ሲያድር ይለሰልሳል። አስባችሁት ታውቃላችሁ? ሁለቱም ስንዴ፣ ሁለቱም ሊጥ፣ ሁለቱም እሳት ያየ። አንዱ ሲቆይ ድንጋይ ይሆናል፣ ሌላው ሲቆይ ጨርቅ ይሆናል። ለምን?

ከምጣድ የወጣ ዳቦ ውስጡ ከመቶ 35 እስከ 40 ያህሉ ውሃ ነው። ደረቅ ብስኩት፣ በደንብ የተቆላ ዳቦ ቆሎም እንዲሁ፣ ከመቶ 5 እንኳን አይሞላም። ዳቦው ሲያድር የሚጠነክረው ውስጡ ያለው ስታርች ተመልሶ ስለሚያያዝና ስለሚደድር ነው፤ ውሃው ሳይወጣም ጭምር ይደድራል። ዳቦ ቆሎው ግን የተጠማ ነገር ነው። አየር ውስጥ ውሃ አለ፤ አናየውም እንጂ አለ። ዳቦ ቆሎ ያንን ውሃ ይጠጣል። ስኳር ካለበት ይብሳል፤ ማር ካለበት ይበልጥ ይብሳል፤ ሁለቱም ውሃ ይወዳሉ።

የአየሩ እርጥበት ከ50 በመቶ በላይ በሆነበት አገር ክፍት የተተወ ብስኩት ይዋል ይደር እንጂ መለስለሱ አይቀርም። እኛ ዘንድ ሐምሌና ነሐሴ እርጥበቱ ስንት ነው? ከ70 በላይ! ታጥቦ የተሰጣ ልብስ ሦስት ቀን የማይደርቅበት ወር ላይ ዳቦ ቆሎ በሰፌድ አስጥቶ ማሳደር ምን ማለት ነው? በጥር ያደረጋችሁትና ያማረላችሁ ነገር በሐምሌ ያዋርዳችኋል። እጃችሁ አልተበላሸም፤ አየሩ ነው የተለወጠው።

የጎረቤቴ ሁለት ሴት ልጆች ሳዑዲ ናቸው። አንዷ ሪያድ፣ አንዷ ጂዳ። እናታቸው ከአንድ ምጣድ ቆልታ፣ በአንድ ዓይነት ላስቲክ አድርጋ ላከችላቸው። የሪያዷ ደውላ «እማዬ፣ ከከፈትኩት ሁለት ሳምንት ሆነው፣ አሁንም ቀጭ ቀጭ ይላል» አለች። የጂዳዋ ደወለች፤ «እማዬ፣ በሦስተኛው ቀን ለሰለሰ፤ ለእኔ የላክሽው አሮጌውን ነው» ብላ አኮረፈች። (ሳቅ) እናቲቱ እኔ ጋ መጣች። «ልጄ አዳላሽብኝ አለችኝ» ብላ። ሪያድ በረሃ መሐል ናት፣ አየሯ ደረቅ ነው፤ ጂዳ ቀይ ባሕር ዳር ናት። ያዳላው ባሕሩ ነው አልኳት። ስልኩን አስደወልኳትና ለልጅቷም ነገርኳት፤ ታረቁ።

እንግዲህ አንደኛው ይሄ ነው። ዳቦ ቆሎ መጀመሪያ አይበላሽም፣ ይረጥባል። ሌላው ብልሽት ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ሁለተኛው ነጥብ። ከእሳት እስከ ቆርቆሮ። እዚህ ላይ ስለ አሠራር አልናገርም ያልኩትን ቃሌን ትንሽ አጥፋለሁ። ይቅርታ፤ ሳላጥፍ መሄድ አልቻልኩም።

መጀመሪያ አቆራረጡ። ሊጡን በገመድ ቅርጽ አድቦልቡለን በቢላ እንቆርጣለን አይደል? ስንጀምር እንደ ሽምብራ ነው የምንቆርጠው። ሲመሽ፣ ወገብ ሲያመን፣ ልጅ ሲያለቅስ? እንደ ባቄላ ይሆናል፤ ከዚያም እንደ አውራ ጣት! ትንሹ ሲደርቅ ትልቁ ውጪው ቀልቶ ውስጡ ሊጥ ነው። ሲታይ አንድ ዓይነት ነው። ቆርቆሮ ውስጥ አብረው ሲያድሩ ግን የትልቁ እርጥበት ይወጣና ደረቁ ትንሽ ይጠጣዋል። ውሃ ከበዛበት ወዳነሰበት ይሄዳል። አሥር ያህል ትልልቅ ፍሬዎች አንድ ጣሳ ያለሰልሳሉ። ስለዚህ ሲደክማችሁ ሊጡን ሸፍናችሁ ተኙ። እኔ ትልልቁን ለይቼ ብቻውን ነው የምቆላው፤ እሱ የዚያ ሳምንት የቤተሰብ ነው።

ሁለተኛ እሳቱ። ብዙዎቻችን ቀለሙን አይተን እናወጣለን። ቀላ? በቃ። ቀለም ግን የሚነግራችሁ ስለ ውጪው ነው። ብስኩት የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «ሁለት ጊዜ የበሰለ» ማለት ነው። የጥንቶቹ አንዴ ጋግረው፣ ቆርጠው፣ መልሰው እሳት ያሳዩት ነበር። ሁለተኛው እሳት ለማብሰል አይደለም፣ ለማድረቅ ነው። እኛም እንደዚያ እናድርግ። ቀለሙን ካገኘ በኋላ እሳቱን አውርዱ። ምጣድ ከሆነ የኤሌክትሪኩን አጥፉና በቀረው ሙቀት እያገላበጣችሁ አቆዩት። ኦቨን ከሆነ ወደ 100 ወይም 120 ዲግሪ አውርዱና በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ተዉት። በሩ ለምን ገርበብ ይላል? እንፋሎቱ የት ይሂድ!

መድረቁን በምን እናውቃለን? አንዱን ሰብራችሁ መሐሉን እዩ። መሐሉ ከዳሩ ነጣ ካለ፣ በጥፍር ሲጫኑት ከሰረጎደ፣ አልደረቀም። ሚዛን ያላችሁ ደግሞ ላብራቶሪ ውስጥ ለተማሪዎቼ የማሠራውን ልንገራችሁ። ከቆላችሁት 100 ግራም መዝኑ። ያንን 100 ግራም ብቻ ለአሥር ደቂቃ ወደ እሳቱ መልሱት። እንደገና መዝኑ። 97 ሆነ? ሦስት ግራም ውሃ ነበረበት ማለት ነው፤ ሁሉም ወደ እሳቱ ይመለስ። 100 ወይም 99 ተኩል ከሆነ ደርቋል። ሚዛኑ መቀነስ ሲያቆም ውሃው አልቋል። ይህችን ብላክ ቦርድ ላይ ስንት ጊዜ ጻፍኳት! ቤቴ ስገባ ግን በዓይኔ ነበር የምፈርደው።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ትልቁ፣ ማቀዝቀዝ ነው። ታሪኬን እዚህ ጋ ነው የምነግራችሁ።

ሥራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ነሐሴ ነበር። አንድ ሱቅ፣ ስሙ ይቅር፣ ለእንቁጣጣሽ ገበያ 80 ጥቅል አምጪ አለኝ። ሰማንያ! ያን ጊዜ በሳምንት አሥራ አምስት ከሸጥኩ ድግስ ነበር። እህቴን ጠራሁ፣ የእህቴን ልጅ ጠራሁ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ድረስ ቆላን። እንደወጣ፣ ትኩስ ትኩሱን ላስቲክ ውስጥ እየከተትን በሻማ ነበልባል ዘጋን። ትኩስ ሲሸግ ይበልጥ ትኩስ ሆኖ ይቆያል ብዬ ነበር እኮ የማስበው! ኬሚስትሪ አስተማሪዋ! (ሳቅ) ጠዋት ሳየው ላስቲኩ ከውስጥ ጤዛ ነገር አለው። ጠረግ ጠረግ አድርጌ፣ ከውጪ ነው ብዬ ራሴን አታልዬ ወሰድኩት።

በስድስተኛው ቀን ልጁ ደወለ። ሄድኩ። አንዱን ጥቅል ቀደደና ፍሬ አውጥቶ በሁለት ጣቱ ጫን አደረገው። አልተሰበረም። ተጣጠፈ። ከዚያ ምን አለኝ መሰላችሁ? «እማማ፣ ይሄ እኮ ቆሎው ጠፍቶ ዳቦው ብቻ ቀርቷል።» (ሳቅ) አሁን እስቃለሁ፤ ያን ቀን ግን ስልሳ ሦስት ጥቅል በማዳበሪያ ይዤ በታክሲ ስመለስ አልሳቅሁም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አይደል የሚባለው? እኔ ግን የለቀምኩትንም አልሸጥኩት።

ምን ነበር የሆነው? ትኩስ ነገር እንፋሎት አለው። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ላስቲኩን ይነካል፣ ላስቲኩ ቀዝቃዛ ነው፣ ውሃ ይሆናል፣ ውሃው ተመልሶ ዳቦ ቆሎው ላይ ይወርዳል። በእሳት ያወጣሁትን ውሃ በገዛ እጄ መለስኩለት።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩላችሁ። «በቃ፣ በደንብ ይቀዝቅዝ» ብዬ በሰፌድ አስጥቼ አሳደርኩት። ሐምሌ ላይ። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ለሰለሰ! ምክንያቱም እንደቀዘቀዘ መጠጣት ይጀምራላ። ሁለት ጊዜ ከሰርኩ፤ አንዴ በመቸኮል፣ አንዴ በመዘግየት።

ታዲያ መቼ ነው? ጊዜው በሁለቱ መሐል ነው፣ ጠባብ ነው። ሰፌድ ላይ ስስ አድርጋችሁ አንድ ድርብ አስጡት፤ አትከምሩት። ወጥ የሚሠራበት ክፍል ውስጥ አይሁን፤ ድስት ሲንተከተክ አየሩ በሙሉ ውሃ ነው። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። እጃችሁን መሐሉ ላይ አድርጉ፤ ሙቀት ከተሰማችሁ ገና ነው። ካልተማመናችሁ ደግሞ ይህችን አድርጉ፦ አንድ እፍኝ ንጹሕ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ከታችሁ ክደኑና አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ጠርሙሱን ከውስጥ ላብ ያዘው? አልቀዘቀዘም። ላብ የለውም? ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አትዘግዩ። ክተቱ፣ ዝጉ፣ ተኙ።

ውሃ ካላችሁ ልጠጣ ... አመሰግናለሁ። ይሄም ይረጥባል እንግዲህ። (ሳቅ)

ሦስተኛው ነጥብ፣ በምን እና የት። ከዚህ በፊት ያለው በትክክል ከተሠራ ይሄ ቀላል ነው።

የእናቴን ላንሣ። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። አባቴ በደርግ ጊዜ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥቶ በኮምቦልቻ፣ በሚሌ አድርጎ አሰብ ይወርዳል። ስንቁ ዳቦ ቆሎ ነው። መጀመሪያ እናቴ በአንድ ትልቅ የጨርቅ ከረጢት ሞልታ ትሰጠው ነበር። ሲመለስ «እስከ ሚሌ ቆሎ ነው፤ አሰብ ሲደርስ ግን ልብስ ነው» ይላታል። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ያደረገችው ግን ምንድን ነው? ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ከየጎረቤቱ ለቀመች። ስድስት ጣሳ። እያንዳንዱን እስከ አፉ ሞላች፣ ክዳኑን ገጠመች፣ በክዳኑና በጣሳው መሐል ያለውን ስንጥቅ ዙሪያውን በሊጥ ለሰነችው። አረቄ ሲወጣ ጋኑን እንደሚለስኑት። ሊጡ ደርቆ ድንጋይ ይሆናል። «በቀን አንድ ብቻ ክፈት። ያንን ሳትጨርስ ሌላውን ብትነካ ወዮልህ» አለችው። አባቴ አሰብ ወደብ ላይ ጭነት ሲጠብቅ አምስተኛውን ጣሳ ሲከፍት፣ ጓደኞቹ ድምፁን ሰምተው እንደመጡ ስንት ጊዜ ነገረን!

እናቴ ያደረገችው ሁሉ እዚያች ውስጥ አለ። ቆርቆሮ አየር አያሳልፍም። እስከ አፉ ስለሞላችው ውስጡ የቀረው አየር ትንሽ ነው። ስለከፋፈለችው አንዱ ሲከፈት አምስቱ እርጥበት አላዩም። እኛ ግን አንድ ትልቅ ባልዲ ሞልተን በቀን ስምንት ጊዜ እንከፍታለን፤ ልጅ ይከፍታል፣ እንግዳ ይመጣል ይከፈታል፣ እኛም ስናልፍ አንዲት ፍሬ ብለን እንከፍታለን። ለየቀኑ የምትሆን ትንሽ ጠርሙስ ለይታችሁ ውጪ አስቀምጡ፤ ትልቁ በሳምንት አንዴ ብቻ ይከፈት።

ዕቃውን ላውራ። የጎማ ቀለበት ያለው የብርጭቆ ጠርሙስ በጣም ጥሩ ነው። ክዳኑ የሚጠብቅ ቆርቆሮ ጥሩ ነው። የማር ፕላስቲክ ክዳኑ ከጠበቀ ይሆናል፤ ሽታው ካልለቀቀ ግን ዳቦ ቆሎው ይወስደዋል። ስስ ፌስታል? አይሆንም፤ ቋጠሮ አየር አይከለክልም። ወረቀት? ለመንገድ ነው እንጂ ለማቆያ አይደለም። ሞሰብ? ሞሰብ ለእንጀራ ነው፤ ይተነፍሳል። ያልታጠነ፣ ያልተቀባ የሸክላ ማሰሮም እንዲሁ ይተነፍሳል። ለምትሸጡ ደግሞ፣ በሻማ የዘጋችሁትን ላስቲክ ውሃ ውስጥ አስገብታችሁ ጫን አድርጉት። አረፋ ከወጣ መዝጊያው ቀዳዳ አለው። ከሃያ አንዱን ብትፈትኑ ይበቃል። ያንን የሰማንያውን ጊዜ አንዱን እንኳን አልፈተንኩም።

ቦታው ደረቅ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ጨለማ። ከምድጃው አጠገብ አይሁን፣ ከፍሪጅ ላይም አይሁን፤ የፍሪጅ አናት ሞቃት ነው። መስኮት ላይ ለዓይን ያምራል ብላችሁ ጠርሙስ አትደርድሩ።

— (ከተሰብሳቢ) ፍሪጅ ውስጥስ?

ጎሽ፣ ይህ ጥያቄ ይመጣል ብዬ ነበር። ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት። ሲወጣ ቀዝቃዛ ነው፤ የክፍሉ አየር ሲነካው ውሃ ይቋጥራል። የሽንኩርቱንም ሽታ ይዞላችሁ ይወጣል። ፍሪዘር ግን ሌላ ነው፤ በጥብቅ ተዘግቶ ከገባ ወራት ይቆያል። ሲወጣ ግን እንደተዘጋ እስኪሞቅ ጠብቁት፤ ከዚያ ክፈቱ። ሳይሞቅ ከከፈታችሁት የኔን ነሐሴ ታያላችሁ።

ሌላም አለ። ዳቦ ቆሎን ከዘቢብ ጋር አንድ ላይ አታስቀምጡ። ዘቢብ እርጥብ ነው፤ ቅድም ውሃ ከበዛበት ወዳነሰበት ይሄዳል አላልኩም? ለውዝና ሱፍም ቢሆኑ ለየብቻ ይቀመጡ። ስታቀርቡ ሰሐን ላይ ቀላቅሉ። እርጥበት ለመምጠጥ በደረቁ የተቆላ ሩዝ በስስ ጨርቅ ቋጥራችሁ ከጣሳው ሥር ብታስቀምጡ ትረዳለች፤ በየሳምንቱ ግን መልሳችሁ ቁሏት። ጫማ ሳጥን ውስጥ የሚገኙትን ትንንሽ ከረጢቶች ግን ምግብ ውስጥ እንዳትከቱ። ልጅ ይበላቸዋል፤ ደግሞም ለጫማ የተሠሩ ናቸው።

አሁን ሳላነሣው ያለፍኩት አንድ ነገር አለ፤ ሦስት ነጥብ ብዬ አራተኛ ጨመርኩ፣ ተሸክማችሁኛል። ዘይቱ።

እስካሁን ስለ ውሃ ነው ያወራነው። የለሰለሰ ዳቦ ቆሎ ይድናል። ዘይቱ የሸተተ ግን አይድንም። ኩርሽምሽም እያለ፣ አምሮበት፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ጉሮሮን የሚጎመዝዝ አለ አይደል? አሮጌ ቀለም ቀለም የሚል። ያ ዘይቱ ከአየር ጋር ተጋጥሞ ነው። ብርሃንና ሙቀት ያፈጥኑታል፤ ጨለማ ያልኩት ለዚህ ነው። ኑግና ሱፍ ዘይት ጣዕማቸው ግሩም ነው፤ ግን ቶሎ የሚሸቱት እነሱ ናቸው። በደንብ የተነጠረ ቅቤ ከእነሱ ይበልጥ ይቆያል፤ ዝቃጩን በደንብ ካላወጣችሁለትና ውሃ ከቀረበት ግን አይቆይም። ለጾም የምትሠሩ ቅቤ አትጠቀሙም፤ ስለዚህ ዘይቱን ቀንሱ፤ ለሁለት ወር ጾም በአንዴ ከመሥራት በሦስት ሳምንቱ ሥሩ። በዘይት የተጠበሰው ደግሞ ዘይት ስለሚጠጣ በምጣድ ከተቆላው ፈጥኖ ይሸታል። ፉርሽካውና እምብርቱ ያልወጣለት የወፍጮ ዱቄትም ከፉርኖው ዱቄት ቀድሞ ይሸታል፤ የስንዴው እምብርት የራሱ ዘይት አለው። ለጤና ጥሩ ነው፤ ብሉት፤ ግን ቶሎ ብሉት።

እና እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ አሮጌው ላይ አዲስ አትጨምሩ! ጣሳው ሥር የቀረው ፍርፋሪ፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈው ዘይት፣ የሸተተው እሱ ነው። አዲሱንም ያስሸተዋል። ጣሳውን ባዶ አድርጉ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ ከዚያ ደግሞ በደንብ አድርቁ። እርጥብ ጣሳ ውስጥ ደረቅ ዳቦ ቆሎ ከመክተት የባሰ ምን አለ?

የለሰለሰውን ስለማዳን ልበልና ላብቃ። ምጣዱን በቀላል እሳት አሙቁ፣ ወይም ኦቨኑን 150፣ ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ፣ እያገላበጣችሁ። ትኩስ እያለ ለስላሳ ሊመስላችሁ ይችላል፤ አትደናገጡ፣ ሲቀዘቅዝ ነው የሚጠነክረው። ከዚያ ያችን ጠባብ ጊዜ ጠብቃችሁ ክደኑ። አንዴ ይሠራል፣ ሁለቴም ይሠራል፤ ከዚያ ማረር ይጀምራል። ሻጋታ ያየችበት ግን አንድ ፍሬ ብቻ ቢሆንም ጣሳውን በሙሉ ድፉት። ለዶሮም አትስጡ።

እትዬ እጅ አውጥተዋል። ይበሉ።

— (ከተሰብሳቢ) ልጄ፣ እኛ ድሮ ቆጥ ላይ ነበር የምናስቀምጠው። አይለሰልስም ነበር። አሁን ምን ነካው?

እትዬ፣ እጅዎን ልሳም! ቆጡ የት ነበር? ከምድጃው በላይ። እሳቱ ቀኑን ሙሉ ይነድዳል፣ ቆጡ ላይ ያለው አየር ይሞቃል፣ ይደርቃል። ጭሱም ነቀዝ አያስጠጋም። አሁን ሲሊንደር ነው፤ ሥራ ካለቀ እሳቱ ጠፋ፤ ጋዝ ሲነድ ደግሞ ራሱ ውሃ ያወጣል። ጓዳው ቀዝቃዛ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ክረምት ላይ ያልባል። ከዘይቱ አንጻር ግን ቆጡ ሙቀት ነበረው፤ ያኔ ምናልባት ለማሽተት ሳይደርስ ስለሚበላ ይሆናል።

— (ያው ተሰብሳቢ) ስምንት ልጅ ነበረኝ እኮ!

(ሳቅና ጭብጨባ) ተመለሰልኝ! ስምንት ልጅ ላለው ቤት የዛሬው ንግግር አያስፈልግም።

እሺ፣ አሁን ጣሳዎቹ። ቀዩ ክዳን ያለውን መጀመሪያ ስጡኝ። ጸጥ በሉልኝ፣ ድምፁን እንስማ ... ሰማችሁ? እስከ ኋላ ደረሰ? ከሦስት ሳምንት በፊት የተቆላ ነው። ሰፌዱን አቀብሉኝ፣ አንድ አንድ እፍኝ፣ አባቶችም ይድረሳቸው። አሁን ያንን ሰማያዊውን ... ይሄ ደግሞ ለምን ቀለለ? እኔ እስከ አፉ ነበር የሞላሁት እኮ። ማን ነው የነካው? ልጆች! አፋችሁን ክፈቱ እስቲ። (ሳቅ) እና ክዳኑስ የት ሄደ? ከወንበሩ ሥር ነው? አንሡና ግጠሙልኝ፤ ውጪ እየዘነበ ነው።